የአባዬ ኢምፓላና ሁለቱ ማርሚታዎች

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የተገዛው ለባዮሎጂ ነበር። ባዮሎጂ ይቅር ይበለኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ከልብና ከሳንባ የሚበልጥ ነገር ተጀምሯል። አባዬ ዛሬ ኢምፓላውን በክሪክ አንስቶ ሆዱን አሳየን።

ኢምፓላው ማለት በዕድሜ ከአባዬ የሚበልጥ፣ በስፋት ከእኔና ከእህቴ መኝታ ቤት የማያንስ፣ ቀለሙ አሬራ የመሰለ የአሜሪካ መኪና ነው። ጁባ ታውን ሱቅ የነበራቸው አንድ ግሪክ ነጋዴ ሲሞቱ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ኖሮ፣ የልጅ ልጃቸው «ጄኔሬተሬን ስንቴ ከሞት እንዳስነሳህልኝ አልረሳም» ብሎ ለአባዬ ሰጠው። ተጎትቶ ጁባ ና ባሪ ሰፈር፣ እኛ ግቢ የገባ ዕለት ከኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ዶሮ ከነእንቁላሏ ወርዳለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ማማ ከጂ ልብስ ስታሰጣበት፣ እኔ ስተኛበት፣ የአባዬ ወዳጅ ጋሽ ቢራራ ደግሞ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ጌታቸው፣ ይህን ሬሳ መቼ ነው የምትቀብረው?» ሲሉበት ኖረ። ገና ሰሞን ግን ሬሳው ተነሳ። ሞተሩ ሠራ።

የቀረው ማርሚታው፣ ማለት የጭስ ማውጫው ነው። አሮጌው ቧንቧ ከመዛጉ የተነሳ አባዬ በካቻቢቴ ነካ ሲያደርገው እንደ ደረቅ ብስኩት ፈረሰ።

«ሁለት ነው የምናስገባለት» አለኝ ከመኪናው ሥር። «ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ አራት በግራ፣ አራት በቀኝ። አንቺ ስምንት እንግዳ ጠርተሽ ሁላችሁም በአንዲት ጠባብ በር ውጡ ትያለሽ? ለግራዎቹ የራሳቸው በር፣ ለቀኞቹ የራሳቸው።» ከዚያ ድምፁን ለወጥ አድርጎ፣ «ነጠላ ማርሚታ ተቀባይ የሌለው ዘፋኝ ነው፣ ሶሊ። አንዱ ሲያወጣ አንዱ መቀበል አለበት» አለ። ቅኔ ሲያምረው እንዲህ ያደርገዋል።

ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም። እህቴ መቅደላዊት የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ታገባለች። አባዬ ልጄን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በገዛ እጄ ባስነሳሁት መኪና፣ ራሴ እየነዳሁ ነው ብሎ ምሏል። እማዬ ደግሞ አማራት ሰፈር ያለው ምግብ ቤቷ ገብቶ ለሚበላ ሰው ሁሉ ሙሽራዋ በጋሽ ቢራራ ነጭ ፕራዶ እንደምትሄድ ተናግራለች። ዛሬ ተስማሙ፦ እስከ ሆሳዕና ኢምፓላው እንደ ሰው ከሄደ ኢምፓላው፣ ካልሄደ ፕራዶው።

ራት ሲደርስ እማዬ ከወጥ ቤት ሦስት ጊዜ ጠራችው። ጀርባውን ሰጥቷት ብሎን ያጥባል። «ይሄ ሰው ከገና ወዲህ እኔን ንቆኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ አባዬ ብሎን ሲያጥብ መልአክ ቢጠራውም ቆይ ነው የሚለው አልኳት።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

የአባዬ ስም ጋራዥ ውስጥ «ጆሮ» ነው። ቦር መንገድ ላይ መኪና የቆመበት ሹፌር ይደውልና ስልኩን ሞተሩ ላይ ይደግናል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሦስተኛው ካንዴላ» ይላል። ሁሌም ልክ ነው። በዚያች በጨፈናት ዓይን የኮራሁትን ያህል በምንም ኮርቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን ሰንፏል። የደወለውን ሁሉ «ይዘኸው ና» ነው። ጋሽ ቢራራ፣ ሰው ሲጠግብ እንዲህ ይሆናል አሉ። ሁዳዴ ላይ ነን እኮ። በምኑ ይጠግባል? በሹሮ?

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ጥፋቱ የአሸዋው ነው፣ አሸዋውም የእኔ።

ጁባ ውስጥ የቧንቧ ማጠፊያ ማሽን አላገኘንም። ቧንቧ ዝም ብለው ሲያጥፉት ደግሞ እንደ ረገጡት ማካሮኒ መሐሉ ይጨፈለቃል። ስለዚህ በያጁ ሐምዱ ከደሴ ይዞት የመጣውን ዘዴ አወጣ፦ ቧንቧውን አሸዋ ይሞሉታል፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ይወትፉታል፣ እንደ ፍም እስኪቀላ ያግሉትና ያጥፉታል። አሸዋው ከውስጥ ስለሚደግፈው አይጨፈለቅም። አሸዋ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነበር። «ደረቅ ይሁን» ብሎኛል። ከወንዙ ዳር ያመጣሁት ደረቅ ነው፤ ከላይ ከላዩ። ትናንት የዘነበው ዝናብ ሥሩ ውስጥ ማደሩን ማን ነገረኝ?

እሳቱ ሲጋጋል ጋሽ ቢራራ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጭ ጋቢ ደረሱና ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ምክር ሊሰጡ ነው። ጋሽ ቢራራ በማያውቁት ነገር ምክር ሲሰጡ ድምፃቸው ራሱ ያምራል። «ቧንቧ እንደ ልጅ ነው» አሉ። «በጊዜው ካላጠፍከው...»

ድው አለ። እርጥቡ አሸዋ እንፋሎት ሆኖ ውታፉን ተኮሰው። ውታፉ የማማ ከጂን አጥር ተሻግሮ የውኃ ታንከሯን መታ።

እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲመጣ ሰው «ምንድነው?» አይልም፣ ይተኛል። ሐምዱ ተኛ። እኔ ተኛሁ። መንገድ ላይ አንድ ባለ ቦዳ፣ ማለት ባለ ሞተር ታክሲ፣ ሞተሩን ጥሎ ተኛ። ማማ ከጂ ከነማማሰያዋ ተኛች። ጋሽ ቢራራ በነጭ ጋቢያቸው የፈሰሰ ዘይት ላይ ተኙ። ቆሞ የቀረው አባዬ ብቻ ነው። ጀርባውን ሰጥቶን ሁለተኛውን ቧንቧ እየለካ ነበር። ዞር ሲል ሁላችንም መሬት ላይ ነን። «ምነው፣ ምን ጠፋባችሁ?» አለ።

ወኔውን አያችሁልኝ? የዚህ ሰው ልጅ ነኝ።

ማማ ከጂ ውታፉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ሹኑ ዴ?» እያለች መጣች። ምንድነው ይሄ ማለቷ ነው። ታንከሩ ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም። ስንለማመጣት «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም ብላ ሳቀችብን። ጋሽ ቢራራ ግን ጋቢያቸውን ሲያዩ ምክራቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። የዛሬው ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ አሸዋውን በእማዬ ትልቁ መጥበሻ ቆላሁት። እማዬ አታውቅም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

እማዬ አወቀች።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ሁለቱም ገቡ! ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወርደው፣ በመኪናው ሆድ ሥር ጎን ለጎን ሄደው፣ የኋላውን የጎማ ዘንግ በላዩ ዘለው ከኋላ አፋቸውን ከፍተዋል። ሐምዱ መሐል ላይ በአጭር ቧንቧ አገናኛቸው። ምን ያደርጋል ብል አባዬ እንዲህ አለ፦ «ይህ ድልድይ ከሌለ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ይሆናሉ። አንዱ ያለውን አንዱ አያውቅም።» እማዬ እዚያው ቆማ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ማንጠልጠያዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከተጣለ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጬ። ብረት በብረት ከታሰረ መኪናው ሲንገጫገጭ ይሰበራል፤ ጎማ ግን አብሮ ይወዛወዛል። እያንዳንዱ ላይ በምስማር ስሜን ጫርኩበት። የጁባ ጉድጓድ ሁሉ ስሜን እያነበበ ይኑር።

አባዬ ደግሞ አዲስ አመል አውጥቷል። ድሮ ጄኔሬተር ሲመረምር የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ነበር የሚያደርገው። አሁን እጀታውን ይነክሰዋል። በጥርሱ። «ጾሙ ጠንቶበት ብረት ጀመረ» ብዬ ለእህቴ ለመቂ ስነግራት በሳቅ ሞተች።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ተነሳ። ተነሳ። ተነሳ!

ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሁለቴ አሳለ። ከግራው ማርሚታ የተቆላ አሸዋ ተፋ (የእማዬ መጥበሻ መታሰቢያ)። ከዚያ ድምፁ መጣ። ከበሮ ሲመታ አይደለም፤ ከበሮ ሊመታ እጅ ሲነሳ ደረት ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ነገር አለ አይደል? እሱ። ጠረጴዛው ላይ የነበረች የሻይ ብርጭቆ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ማማ ከጂ በአጥሩ ላይ እልል አለች። መቂ የጥፍር ቀለሟ ሳይደርቅ ሮጣ ወጥታ ጣቶቿን እያራገበች ዘለለች።

አባዬ መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንዴት ነው?» አለኝ። ግቢው እየተንቀጠቀጠ እንዴት ነው ይለኛል!

«ገነት ነው» አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በግራ በኩል ሰው በጥፍሩ እንደሚያንኳኳ ጢቅ ጢቅ ጢቅ ይላል። አባዬ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሶ ሳለ ነገርኩት። አልመለሰልኝም። «ጆሮ» ያልሰማውን እኔ ልሰማ ነው? ተውኩት። አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ሰው ነው፣ የሆነ ቦታው መንኳኳቱ አይቀርም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ጢቅታው አለ። ሲሞቅ ይጠፋል። ሲሞቅ ከጠፋ ችግር አይደለም። መሰለኝ። ሰኞ ፈተና ነው፣ ጥናት አልተነካም። አባዬ አንድ ቀን እንኳ «ምንድነው የሚያንኳኳው?» ቢል ምናለ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

እማዬ በገዛ ባሏ ላይ ሽማግሌ ሰበሰበች። በመኪና ምክንያት። ይህን የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም።

ጋሽ ቢራራና ሁለት ጓደኞቻቸው የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አድርገው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ጋሽ ቢራራ ባለ ፕራዶ ናቸው፣ ዳኛም ናቸው። ወንበር ከኢምፓላው ኋላ፣ ልክ ከሁለቱ ማርሚታዎች ፊት ለፊት ተደረደረላቸው። እማዬ ክሷን አቀረበች፦ ልጄን በጩኸት እየታጀበች አልድራትም። አባዬ መልስ ሳይሰጥ ሞተሩን አስነሳ።

ሽማግሌዎቹ አዳመጡ። የጋሽ ቢራራ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ሲጮህ እሳቸው በጥሞና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸው ተከደነ፤ ለማሰላሰል ነው ተባለ። በመጨረሻ ጋሽ ቢራራ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ (አዲስ ነው)። «ድምፁ ጨዋ ነው። እንደ በሬ አያገሳም፣ እንደ አህያ አያናፋም። ልጂቱ በአባቷ መኪና ትሂድ።» ሦስተኛው ሽማግሌ ደግሞ፣ «እኔ እንኳ ገና የተነሳም አልመሰለኝ» አሉ።

እማዬ በራሷ ሽማግሌ ተረታች! ጋሽ ቢራራ በፕራዷቸው ላይ የፈረዱት ለእውነት አድልተው እንዳይመስላችሁ። የሪባን ማጣበቂያ ቀለሙን ያበላሽብኛል ብለው ሲሠጉ ሰንብተዋል፤ ለመቂ ነግረዋታል።

ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ግራው ጢቅ ጢቅ ይል ነበር። ሦስት ሽማግሌና አንድ «ጆሮ» በተቀመጡበት የእኔ ጆሮ ማነው? አሜን አልኩ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

አባዬ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ በኢምፓላው መጣ። የክፍሌ ልጆች በሙሉ ደጅ ቆመው አዩን። መስኮቱን ከፍቼ እንደ ንግሥት ክንዴን አወጣሁ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ኬላ አለ። ሰሞኑን ከተማው ጆሮውን አቁሟል፣ ወታደሮቹም በዝተዋል። አባዬ ፍጥነት ለመቀነስ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

ያን ጊዜ ግራው ማርሚታ ተኮሰ። እንደ ውታፉ አይደለም። እንደ እውነተኛው ነው።

መንገዱ በሙሉ ተኛ። አባዬ ግን መንዳቱን ቀጠለ። ፈገግ ብሎ፣ ሪባኑ ከኮፈኑ ላይ በምን እንደሚታሰር እየነገረኝ። ከኋላችን «አጊፍ! አጊፍ!» ይጮኻሉ፤ ቁሙ ነው። የጠመንጃ መቀባበል ሰማሁ። «አባዬ ቁም» አልኩት። ጮኽኩ። መንገዱን እያየ ስለ ሪባን ያወራል። እጄን ሰድጄ ቁልፉን አጠፋሁት።

መኪናው እየተንከባለለ ቆመ። ተቆጥቶ ወደ እኔ ሲዞር መስተዋቱ ላይ የተደገነውን ጠመንጃ አየ። ፊቱን አየሁት። ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ያኔ ውታፉ የተተኮሰ ቀንም ደፋር አልነበረም፣ እሱ...

ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

አስፋልት ላይ አስቀመጡን። ሽበታም ሳጅን ነው አለቃቸው። በርከክ ብሎ ሁለቱን አፍ አየና «ኢትኔን?» አለ፤ ሁለት? ከዚያ የጁባ ዐረብኛዬ ሥራውን ሠራ። ስለ ሠርጉ፣ ስለ ግሪኩ፣ ስለ ዶሮዋ ከነእንቁላሏ ነገርኩት። ዶሮዋ ላይ ሲደርስ አንዱ ወታደር ሳቀ። ሳጅኑ አልሳቀም። «ሂዱ። ግን ይህ መኪና እዚህ ዳግመኛ ከተኮሰ፣ መኪና ነው ወይስ ሰው ብለን አንጠይቅም» አለን።

አባዬ ልንዳ አላለም። ባለ ቦዳዎች ገፍተው አደረሱን። ወሬው ቀድሞናል፤ ጋሽ ቢራራ ከስምንት ሲሊንደር ይፈጥናሉ። የፕራዶው ነገር ተመልሷል። እማዬ አልተቆጣችም። ያ ይብሳል።

ቅዳሜ መጋቢት 27 ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ አሜን ነው ያልኩት።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ከመኪናው ሥር ተኝቷል። እጁ ላይ ኪያቤ የለም። ዝም ብሎ ወደ ላይ ያያል። በሆዴ ተስቤ አጠገቡ ገባሁና ፊቴን ፊቱ ላይ አድርጌ ስለ ጢቅታው ነገርኩት። ከንፈሬን እያየ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተነሳ ቀን ጀምሮ። ነግሬህ ነበር።»

ቧንቧውን በአውራ ጣቱ ያሻል። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለቧንቧው እንደሚናገር ሆኖ፣ «ግራ ጆሮዬ ከገና ወዲህ የለም። ቀኙም ተከትሎት ሊያልቅ ነው» አለ። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሥር ማደር ይኸው ነው አለ። ካቻቢቴውን የሚነክሰውም በጥርሱ አጥንት ሊሰማ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ አስቧል። «እናትሽ እንዳታውቅ። በዚህ ሁሉ ጭንቀት ላይ አልጨምርባትም። ደንበኛ ካወቀም ለማን ነው ስልኩን ሞተር ላይ የሚደግነው?»

ቀልድ ፈለግኩ። እኔ፣ ሶሊ፣ ቀልድ አጣሁ።

እሱ ግን ጠየቀኝ። «ጢቅታው ፈጣን ነው ቀርፋፋ? ደረቅ ነው እርጥብ? ከፊት ነው ከኋላ?» እንደ ሐኪም ነው የሚጠይቀው። እኔ ስመልስ እሱ ከንፈሬን ያያል። ጥያቄው ሲያልቅ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ እንደ ስልኩ ጊዜ።

«ጓርኒሲዮኑ ነው» አለ። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ መሐላቸው የሚገባው ስስ ንጣፍ። ያሳልፋል። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ በዚያች ቀዳዳ አየር ይገባና ያልነደደው ቤንዚን ቧንቧው ውስጥ ይነዳል። ተኩሱ እሱ ነው።

አገኘው! ሞተሩን ሳይሰማ፣ በእኔ በኩል አገኘው። ከመኪናው ሥር ስንወጣ ሁለታችንም እየሳቅን ነበር። እማዬ በመስኮት አየችንና እነዚህ ሰዎች አብደዋል አለች።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ የእኔ አይደለም። ዛሬ ብሎን አይነካም።

አባዬ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እያየ ይሰግዳል። ሰውየው ሲነሳ ይነሳል። እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም ነበር።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ጾም ተፈታ፣ ብሎንም ተፈታ።

ትናንት ጁባ ታውንን ከዳር ዳር ዞረን የኢምፓላ ጓርኒሲዮን የሚባል ነገር አጣን። አንዱ ባለ ሱቅ መኪናው ሙዚየም ይግባ አለን። ሐምዱ ግን ከአሮጌ ውኃ ማሞቂያ የወጣ የመዳብ ቆርቆሮ ነበረው። አሮጌውን አስደግፌ በምስማር ሣልኩ፣ እሱ ቆረጠ፣ አባዬ ሞረደ። ከዚያ መዳቡን በእሳት አቅልተው ውኃ ውስጥ ነከሩት። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል። እንደ ጋሽ ቢራራ ነው፤ ዘይት ላይ ካልተኙ አይለሰልሱም።

ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር እያጠበቅሁ እኔ አሠርኳቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ዛሬ ጠዋት አስነሣነው። የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ግራው ላይ ይዤ ከብሎን ወደ ብሎን ሄድኩ። አባዬ ፊቴን ያያል።

«የለም» አልኩት።

«በደንብ ስሚ።»

«አባዬ፣ የለም። ጠፍቷል።»

ሲዘል ጭንቅላቱን ኮፈኑ መታው። ይኸው ደስታ።

ግን እማዬ? ሽማግሌ ፈርዶ ሽማግሌ ተሳስቷል። አሁን የማንን ቃል ታምናለች? ራት ላይ መጣልኝ። ጁባ ውስጥ ከሁሉም የሚሻል ጆሮ ያለው ማነው? በድምፅ ብቻ የቱ ጥይት፣ የቱ ጎማ፣ የቱ ርችት እንደሆነ የሚለየው ማነው? መቂ ሐሳቤን ስትሰማ ትንታ ያዛት።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ኢምፓላውን ወደ ኬላው ወሰድነው። በገዛ እጃችን።

መጀመሪያ እኔ በእግሬ ሄጄ ሳጅኑን አስፈቀድኩ። እማዬ ይህን ስትሰማ «ልጄንና ባሌን የሚገድሉብኝ ከሆነ ቆሜ ልይ» ብላ የዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ለአባዬ ጀርባ ስትናገር ነበር። ቀስ በል። ጉድጓዱን እየው። ምነው አትመልስልኝም ጌታቸው? አባዬ መንገዱን ያያል። እኔ በመስተዋቱ አየኋት። መናገሯን አቆመች። ማጅራቱን፣ አንገቱን፣ ጆሮውን አየች። ምንም አልነገርኳትም፣ እምላለሁ።

ሳጅኑ ወታደሮቹን አሰለፈ። አባዬ ነዳጁን ይረግጣል፣ እግሩን ያነሳል። ይረግጣል፣ ያነሳል። ሳጅኑ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ አንዴ ለግራው አንዴ ለቀኙ ጆሮውን ሰጠ። ጋሽ ቢራራ ይህን አዳማመጥ ቢያዩ ሽምግልናቸውን ይመልሱ ነበር። እኔ በቆምኩበት እርጥብ ሸሚዝ ሆንኩ።

«ኩወይስ» አለ በመጨረሻ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። «ይሄ አይተኩስም። ያጉረመርማል፣ እንደ አማቴ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። እማዬ ምሳ ዕቃውን ከነእንጀራው ሰጠቻቸው።

ስንመለስ መኪናው ግቢ ገብቶ እንደቆመ እማዬ ከኋላ እጇን ሰድዳ መጀመሪያ የአባዬን ትከሻ ነካችው። እስኪዞር ጠበቀችው። ፊቷን ሲያይ ነው የተናገረችው።

«ጌታቸው፣ ሪባኑ ነጭ ይሁን ወርቃማ?»

ሚያዝያ 19፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ጫማዬን አውልቄያለሁ። እግሬ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ሁሉንም ካልጻፍኩት ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሪባኑ ነጭ ሆነ። መቂ ከኋላ ወንበር ላይ ከነሚዜዋ ከነቀሚሷ ተንጣልላ ተቀመጠች፤ ያ ሁሉ ጨርቅ ገብቶ ቦታ ተረፈ። ዶሮዋ እዚያ እንቁላል እንደጣለች አልነገርኳትም፣ ለዓመት በዓል አስቀምጬዋለሁ። እኔ ከፊት፣ ግራ እጄ አባዬ ትከሻ ላይ። አንድ ጊዜ ስጫን «ቀስ»፣ ሁለት ጊዜ «ከኋላ ክላክስ አለ»፣ ጭምቅ ካደረግኩ «አጥፋው»። ሰው ሁሉ ልጂቱ አባቷን እንዴት እንደምትወድ እዩ ይላል። ይበሉ። ውሸትም አይደለም።

ጋሽ ቢራራ በፕራዷቸው ከኋላችን ክላክሳቸውን ይዘውት ነበር፤ ጣቴ ሁለት ሁለቴ ሲጫን ዛለ። ኬላው ጋ ደረስን። አባዬ እግሩን አነሳ። ጠበቅኩ።

ምንም። ሁለቱም ዝቅ ብለው አጉረመረሙ ብቻ። ሳጅኑ ቦዳዎቹን አስቁሞ መንገዱን ከፈተልን፣ ለመቂ ደግሞ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ማማ ከጂ ከፕራዶው መስኮት ወገቧ ድረስ ወጥታ እልልታዋን ለቀቀችው። መቂ አለቀሰች፣ ኩሏ ወረደ፣ ሙሽራው ዮፍታሄ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲያያት ማን እንደመታት ጠየቀ።

ድግሱ ላይ ጋሽ ቢራራ ሁለት ማርሚታ ይግባለት ብለው የመከሩት እሳቸው መሆናቸውን ለሦስት ጠረጴዛ ሲያስረዱ ሰማሁ። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ያለ እሳቸው በማን እስቃለሁ።

ማምሻውን አባዬ ብቻውን ኢምፓላው ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ከረባቱን ፈቷል። ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ።

«ዛሬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው አለኝ» አለ። «አንቺ ንገሪኝ። ድምፁን።»

ግራው ያወጣል፣ ቀኙ ይቀበላል አልኩት። አንዱ ሲጨርስ አንዱ ይነሳል፣ መሐላቸው ክር አይገባም። ፊቱ በራ። እዚያ ላይ ባቆመው ደግ ነበር። ግን እንዲያ እያየኝ እንዴት ልተወው?

«ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን» አልኩት፣ «ቀኙ ጢቅ አለ። ሁለቴ። ፊት ለፊት ነው፣ ደረቅ ነው።»

የሚከፋው መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀኑን ሙሉ ያልሳቀውን ሳቅ ሳቀ።

«የቀኙ ሁለተኛ ብሎን» አለ። «ነገ በጠዋት።»

ኪያቤውን እኔ አመጣለሁ አልኩት። አልጮኽኩም። ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ነው የነገርኩት።